ስንዴ፣ ብርና ነፃ ጉልበት፤ የዋግ ተራሮች ወጪ በማን መዝገብ ይጻፋል?



በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ለግል ጉዳይ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ጉዳዬ ባሰብኩት ቀን ስላልተጠናቀቀ አንድ ትርፍ ቀን አገኘሁና የአካባቢው ተወላጅ ከሆነ ወዳጄ ጋር ከከተማው ወጣ ወዳለ ቀበሌ በእግር ሄድን። ከፊታችን የቆመው ተራራ ከግርጌው እስከ አናቱ በድንጋይ እርከን ተቀንቷል። ከሩቅ ሲያዩት የአንድ ዘመን ሥራ ይመስላል። በግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ከሰላምታ በኋላ፣ «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ደረደረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኛው ነና ልጄ፤ ሌላ ማን አለ?» አሉኝ። ከዚያም በዱላቸው ከታች ወደ ላይ እያመለከቱ፣ «ያ የታችኛው የስንዴ ነው፤ መካከሉ የብር ነው፤ የላይኛው የነፃ ነው» አሉ።

የእርከን ዓይነት የነገሩኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ያስረዳኝ ወዳጄ ነው። ሽማግሌው የጠሩት የእርከኑን ዓይነት ሳይሆን ለሥራው የተከፈላቸውን ዋጋ ነበር። የታችኛው ረድፍ በእርዳታ ስንዴ፣ መካከለኛው በሴፍቲኔት ብር፣ የላይኛው ደግሞ በየዓመቱ በበጋው ወራት በሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ያለ ክፍያ የተሠራ ነው። ሽማግሌው አንድ ነገር አከሉበት። «ጎርፍ የሚነሣው ከላይ ነው። እኛ ግን ከታች ጀመርን። የላይኛው እስኪሠራ ድረስ የታችኛውን ስንቴ አፍርሶብን ስንቴ እንደ ሠራነው ፈጣሪ ይወቀው።»

የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ሁሉ ሥራው ከተፋሰሱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች መውረድ እንዳለበት ያውቃል። ታዲያ በዚያ ተራራ ላይ ነገሩ ለምን ተገለበጠ? ባለሙያ ስለ ጠፋ አይመስለኝም። ለተራራው ተብሎ የተመደበ ገንዘብ ስላልነበረ ነው። የተመደበው እህልም ሆነ ብር ለተራበ ሰው ነበር፤ ተራራው የተራበውን ሰው ማሠሪያ ሆነ እንጂ በራሱ ባለ በጀት አልነበረም። በእኔ እምነት በዋግ ኽምራ ያለው የአካባቢ ጥበቃ ታሪክ ቁልፉ ይኸው ነው። ገንዘቡ የገባው በረሀብ በር ነው፤ በረሀብ በር የገባ ገንዘብ ደግሞ ቁጥጥሩም የረሀብ ቁጥጥር ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ከበጀት በፊት

ሰቆጣ ዛሬ በዜና የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከድርቅ ጋር ነው። የትናንቷ ሰቆጣ ግን ከዚህ የተለየች ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር የሚተላለፍባት ትልቅ የገበያ ከተማ ነበረች። የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ወራሾች ነን የሚሉት ዋግሹሞች መቀመጫም ናት። ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። በአቅራቢያዋ ያለው ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የዚያ የቆየ ሥልጣኔ ምስክር ነው።

በእነዚያ ዘመናት መንግሥት ከመሬቱ ግብር ይቀበል ነበር እንጂ ለመሬቱ የሚመለስ በጀት የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ይህ የዋግ ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ በመላ አገሪቱ እንዲሁ ነበር። ቁልቁለቱ ታረሰ፣ ዛፉ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆረጠ፣ አፈሩም በጸራሬና በተከዜ ወረደ። ከጥፋቱ ተርፎ የቆየው በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ያለው ደን ነው። ያን ደን መንግሥት አልጠበቀውም፤ የባለቤትነት ስሜት ያለው ማኅበረሰብ ጠበቀው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መንግሥት ወደ ተራራው ፊቱን ያዞረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ያደቀቀው ረሀብ ለዘውዱ ሥርዓት መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆነ። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ልብ እንበል፤ ከዚያ አደጋ በኋላ ለሰሜኑ ደጋ ኑሮ ኃላፊ ሆኖ ጎልቶ የወጣው መሥሪያ ቤት የመሬት ወይም የደን መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ነው። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው።

የስንዴው ዘመን

በ1970ዎቹ የደርግ መንግሥት ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር በመሆን በአፍሪካ ከታዩት ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውን የምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ጀመረ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ሠራተኛውን ያሰልፋሉ፤ የቀን ክፍያው 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። በወሎ፣ በትግራይ፣ በሰሜን ሸዋና በሐረርጌ ተራሮች ላይ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፤ ሰፋፊ ተራሮችም ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከለሉ። በዚያው ጊዜ በስዊሶች ድጋፍ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በደቡብ ወሎ ማይባርን በመሰሉ ጣቢያዎች ከአንድ ማሳ በዓመት ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ መለካት ጀመረ። እውቀቱ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

ዋግ ግን በዚያ ዘመን የጦር ሜዳ ነበረች። ኋላ ብአዴን የተባለው ኢሕዴን በኅዳር 1973 ዓ.ም. ተመሥርቶ የትጥቅ ትግሉን የጀመረው በዚህ አካባቢ ነው። የ1977ቱ ረሀብ በመጣ ጊዜ የዋግ ሕዝብ በሁለት ኃይሎች መካከል ነበር። እህሉ በአንድ በኩል በመንግሥት፣ በሌላ በኩል በአማፅያኑ የእርዳታ ክንፍ በኩል ይገባ ነበር። ኋላ የአማራ ክልል መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት፣ ባጭሩ ኦርዳ፣ ተብሎ የታወቀው ተቋም ሥሩ ከዚያ የእርዳታ ሥራ ይመዘዛል። እነሆ በሥልጣን ላይ ያለውም ሆነ ሥልጣን የሚሻው ኃይል ከዋግ ገበሬ ጋር የተዋወቁት በእህል ማደያው መስመር ላይ ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ቦታ ምን እንደ ሆነ እናስታውሳለን። የተከለለው ደን በሳምንታት ውስጥ ተመነጠረ፤ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። በስንዴ የተሠራው ሥራ በሕዝቡ ዓይን የመንግሥት ንብረት ነበርና መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። አዲሱ መንግሥት ከዚህ ትምህርት ወስዶ ነበር ወይ? በከፊል አዎ። በኅዳር 1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ፣ ጉልበት ያለው ሰው እርዳታ የሚያገኘው በልማት ሥራ ተሳትፎ እንዲሆን ደነገገ። እርዳታና ልማት ይጣመሩ ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይሁንና ውጤቱ ያው ስንዴ ሆነ። ሽማግሌው ያሳዩኝ የታችኛው እርከን የዚህ ዘመን ሥራ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው ሥልጣን

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነገሩን በሌላ መሠረት ላይ አቆመው። መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው (አንቀጽ 40)። የአጠቃቀምና የጥበቃ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው (አንቀጽ 51)። የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ ነው (አንቀጽ 52)። በገንዘብ በኩል አንቀጽ 94 ለክልሎች ለአስቸኳይ እርዳታ፣ ለመልሶ ማቋቋምና ለልማት የፌዴራል ድጎማና ብድር ሊሰጥ እንደሚችል ይናገርና ለፌዴራሉ መንግሥት የኦዲትና የቁጥጥር ሥልጣን ይሰጠዋል። የድጎማውን ማከፋፈያ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ እርሱን በሚመለከቱ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የአማራ ክልልም የየራሱን ሕግ አወጣ። በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ወጣ፤ የአካባቢ ጥበቃን ከመሬት አስተዳደር ጋር ያጣመረ የክልል ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኽምራ፣ ለአዊና ለኦሮሞ ብሔረሰቦች የየራሳቸው ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር አጸና። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የፌዴራል አዋጆች ደግሞ እያንዳንዱ ክልል የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እንዲኖረው አዘዙ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ሕግ አደረጉ።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ካየነው የጎደለ ነገር የለም። ሕግ አውጪ አለ፤ አስተዳዳሪ አለ፤ ምክር ቤት አለ፤ ኦዲተርም አለ። የጎደለው ገንዘቡ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድጎማው በጥቅል እስከ ወረዳ እንዲወርድ ሲደረግ ትልቅ የሥልጣን ክፍፍል ተደረገ ተብሎ ነበር፤ እውነትም ነበር። ነገር ግን ወደ ወረዳ የወረደው ብር አብዛኛው የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለተራራ አይበቃም። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አለው፤ ባለሙያው ግን ለጋቢዮን ሽቦ የሚሆን በጀት የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ሲመጣ ዓይኑ የሚያማትረው ወደ ሌላ በር ነው።

አንድ የተለየ ሙከራ

የክልሉ መንግሥት ለተራራው የራሱን በር ለመክፈት ሞክሮ አያውቅም ብል ሐሰት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 የአማራ ክልል ዘላቂ ግብርናና አካባቢ መልሶ ማቋቋም ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ብዙዎች ኮሳኤራር በሚለው ምኅጻረ ቃል ያስታውሱታል። በትግራይም ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ አቻው ተመሥርቷል። ዓላማው ግልጽ ነበር። በድርቅ በተጠቁ ወረዳዎች አነስተኛ ግድቦችን መሥራት፣ መስኖ ማስፋፋት፣ ከግድቡ በላይ ያለውን ተፋሰስ ማልማት። በእርዳታ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ በተቋቋመ የክልል ኮሚሽን።

የትግራዩ ተቋም በ10 ዓመት 500 ግድቦችን ለመሥራት አቅዶ የተሳካለት ከዕቅዱ እጅግ ያነሰ ነበር። ከተሠሩትም ብዙዎቹ ውኃ አሰረጉ ወይም በደለል ተሞሉ። ምክንያቱ የምህንድስና ስሕተት ብቻ አልነበረም። ግድቡ ይታያል፤ ይመረቃል። ከግድቡ በላይ ያለው የተፋሰስ ሥራ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ሪባን የሚቆረጥለትም አይደለም። ግድቡ ቀደመ፤ ተራራው ቆየ፤ ደለሉ አልጠበቀም። የአማራው ኮሚሽንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሶ ሥራው ለሌሎች የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ተከፋፈለ። እኔ እንደምረዳው የተሳሳተው ሐሳቡ አልነበረም። የኮሚሽኑ ውጤት የሚለካው በግድብ ቁጥር መሆኑ ነው።

የብሩ ዘመን

በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ። የዓለም ባንክን ጨምሮ በርካታ ለጋሾች ከመንግሥት ጋር ገንዘብ አዋጡ። በየዓመቱ በለመና የሚመጣው አስቸኳይ እርዳታ ለብዙ ዓመታት አስቀድሞ በታቀደ ክፍያ እንዲተካ ተደረገ። የዋግ ኽምራ ወረዳዎችም በፕሮግራሙ ታቀፉ። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን፣ በዓመት ለ6 ወር በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል። አብዛኛው ሥራ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ነው። ክፍያው በመጀመሪያ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ 10 ብር ከፍ አለ። የእህል ዋጋ ግን ከዚያ በፈጠነ ፍጥነት ስለ ሮጠ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ከብሩ ስንዴውን መርጧል።

ይህ ፕሮግራም ያደረገውን መልካም ነገር መካድ ግፍ ነው። ብዙ ቤተሰብ በሬውን ሳይሸጥ ክረምትን እንዲሻገር ረድቷል። ብዙ ተራራም አረንጓዴ ለብሷል። የሥራው ጥራት አይገመገምም ነበር ማለቴም አይደለም፤ ይገመገም ነበር። ነገር ግን የገንዘቡን ጉዞ እንከተል። ገንዘቡ ከፌዴራል ተነሥቶ በክልሉ ገንዘብ ቢሮ በኩል ለዚሁ ዓላማ ብቻ ተለይቶ ወረዳ ይደርሳል። ወረዳው ከየብሩ አብዛኛውን ለጉልበት ክፍያ ያውላል፤ ለመሣሪያና ለቁሳቁስ የሚቀረው ጥቂት ነው። ክልሉ ጮክ ብሎ የሚጠየቀው፣ ክፍያው በጊዜው ደረሰ ወይ? የደረሰው ለትክክለኛው ድኻ ነው ወይ? ስንት ቤተሰብ ተመረቀ? በሚሉት ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለ ረሀብ የሚጠይቁ ናቸውና። «ከሦስት ዓመት በፊት የተከፈለበት እርከን ዛሬ ቆሟል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ያንኑ ያህል ድምፅ አልነበረውም።

በክልሉ ውስጥ በሌላ ቦታ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የዓመቱን የሪፖርት ቅጽ አንድ ባለሙያ አሳይቶኝ ነበር። በኪሎ ሜትር የተሠራ እርከን፣ በሔክታር የተከለለ መሬት፣ በቁጥር የተተከለ ችግኝ፣ የተሳተፈ የሰው ኃይል የሚሉ ዓምዶች አሉት። «ካለፈው ዓመት የቆመ» የሚል ዓምድ የለውም። «የፈረሰውን ስትጠግኑስ የት ትጽፉታላችሁ?» ብለው «እንደ አዲስ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አንድ እርከን ሦስት ጊዜ ቢፈርስና ሦስት ጊዜ ቢሠራ፣ በሪፖርቱ ሦስት እርከን ነው ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ዘላቂ የመሬት አያያዝ ፕሮግራም በቀጥታ ለመሬት ተብሎ የመጣ ገንዘብ ነበር። ይሁንና በመነሻው ያተኮረው ከፍተኛ የማምረት አቅም ባላቸው፣ በምግብ ራሳቸውን በቻሉ ደጋማ ወረዳዎች ላይ ነው። ምክንያቱ ከኢኮኖሚ ስሌት አንጻር ይገባል። ትርጉሙ ግን ይህ ነው። ለም አፈር ያላቸው ወረዳዎች የመሬት ገንዘብ አገኙ፤ አፈራቸው ያለቀባቸው የረሀብ ገንዘብ አገኙ።

የነፃው ዘመን

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአራቱ ታላላቅ ክልሎች የተፋሰስ ልማት የሕዝብ ንቅናቄ ሆነ። በበጋው ወራት ገበሬው ለሳምንታት አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ክፍያ የለም። ሴቱም ወንዱም ድንጋይ ይሸከማል። የተሠራው ሥራ ግዙፍ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ወደ ሰሜን ይጓዝና ተራሮቹን ይመልከት።

እኔን የሚያሳስበኝ የሒሳቡ ነገር ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ባለሥልጣናት የሕዝቡ ጉልበት በገንዘብ ሲተመን ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ነው ይሉናል። በዜና ይነበባል፤ ይጨበጨባል። ይሁንና የክልሉ ምክር ቤት በሰኔና በሐምሌ በጀት ሲያጸድቅ የሚያጸድቀው በግምጃ ቤት የሚያልፈውን ብር ነው። የክልሉ ዋና ኦዲተር የሚመረምረውም ይህንኑ ነው። የገበሬው ጉልበት ለመመስገን ይቆጠራል፤ ለመመርመር ግን አይቆጠርም። ለጋሽ አገር 1 ብር ሲያወጣ ብሩ የት እንደ ገባ የመጠየቅ መብት አለው፤ ባለሙያ ይልካል፤ የማይወደውን ካየ ቀጣዩን ክፍያ ያግዳል። በዓመት ብዙ ቀን ጉልበቱን የሚያወጣው የዋግ ገበሬ የዚህ ሥራ ትልቁ ገንዘብ አውጪ ሆኖ ሳለ፣ «የአምናው ለምን ፈረሰ?» ብሎ የሚጠይቅበት ወንበር የለውም።

ከተራራው ግርጌ ያለው ግድብ

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር እናነጻጽር። በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ ተመረቀ። ቁመቱ ከ180 ሜትር በላይ፣ የማመንጨት አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ነው። የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፤ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች በሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉ ሥልጣን ናቸውና። ሐይቁ በትግራይና በዋግ ኽምራ መካከል ተኝቷል፤ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ዓሣ የሚያጠምዱ ወጣቶችን አፍርቷል። ይህም አንዱ በረከቱ ነው።

የግድቡ ዕድሜ የሚወሰነው ግን በደለል ነው። ደለሉ የሚወርደው ከየት ነው? ሽማግሌው በዱላቸው ካሳዩኝ ዓይነት ተራራ ነው። እንግዲህ ከታች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተገነባ ግድብ አለ፤ ከላይ ግድቡን ከደለል የሚጠብቅ፣ በስንዴ፣ በ10 ብርና በነፃ የተሠራ እርከን አለ። ከግድቡ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በመላ አገሪቱ ይሸጣል። ከሽያጩ ለላይኛው ተራራ ጥገና የሚመለስ ቋሚ ድርሻ ቢኖር ኖሮ የዋግ ገበሬ ተረጂ ሳይሆን አገልግሎት ሻጭ በሆነ ነበር። ሌሎች አገሮች ከውኃ ተጠቃሚው ላይ ቆርጠው ለላይኛው ተፋሰስ ነዋሪ ይከፍላሉ፤ ኮስታ ሪካ ለደን ጠባቂ ባለ መሬቶች የምትከፍለው በዚህ መንፈስ ነው። ለእኛ ይህ እስካሁን የሴሚናር ርእስ ሆኖ ቆይቷል።

ቃል ኪዳኑና ጦርነቱ

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የከተማዋ ስም በዓለም አቀፍ መድረክ ተሰማ። መንግሥት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ በአማራና በትግራይ በሚገኙ 33 ወረዳዎች ተጀመረ። ከጤና ባሻገር ውኃን፣ መስኖንና ግብርናን ማጣመሩ ከቀደሙት የተሻለ አደረገው። የሕፃን ቁመት ከተራራው ጤና ጋር እንደሚያያዝ በይፋ መታመኑ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ልብ ብለን ካየነው በሩ አሁንም ያው ነው፤ ተራራው የገባው በረሀብ በኩል ነው።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ማብቂያ ሰቆጣ ደረሰ። ከተማዋ ለወራት በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ቆየች። የአበርገሌና የጻግብጂ ሕዝብ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ከቀዬው ተፈናቅሎ ኖረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሕዝቡ ትንፋሹን ሳይሰበስብ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ዋግን መታ፤ በክልሉ የተቀሰቀሰው ሌላ ግጭትም ተደረበበት። ያ ከእኔ ጋር ወደ ተራራው የወጣው ወዳጄ በስልክ እንዳጫወተኝ፣ ያየነው እርከን በእነዚያ ዓመታት የሚጠግነው ሰው አላገኘም። የጸናው ቦታ ጸንቷል፤ የተናደው ተንዷል። የትኛው እንደ ጸና ጠየቅሁት። «ከእርሻቸው ጋር የተያያዘው» አለኝ። ስንዴ ይሁን ብር ይሁን ነፃ ይሁን ልዩነት አላመጣም። ሰው የእኔ ነው ያለው ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑን ደን አስታወሰኝ።

ምን ይደረግ?

መፍትሔውን ከሰማይ ማውረድ አያስፈልግም። ሦስት ነገሮችን ብቻ ልበል።

አንደኛ፣ ክልሉ ለተራራ ጥገና ከረሀብ ገንዘብ የተለየ፣ አነስተኛም ቢሆን በየዓመቱ የማይቋረጥ የራሱ የበጀት ርእስ ይክፈት። አዲስ መሥራት ለዜና ይመቻል፤ መጠገን ግን አፈር ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ የሕዝቡ ጉልበት ከምስጋና ወደ መዝገብ ይግባ። በገንዘብ ከተተመነ በምክር ቤት ይቅረብ፤ ክልሉም ከራሱ ግምጃ ቤት ለዚያ የሚመጥን ድርሻ ያኑርበት። ዋና ኦዲተሩም ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ተራራውን ወጥቶ ይመርምር። ክዋኔ ኦዲት የሚባለው ነገር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ሦስተኛ፣ ቁጥጥሩ ወደ ቀበሌ ይውረድ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ፣ ለየመንደሩ የወጣው ገንዘብና የተሠራው ሥራ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ተነብቦ ሕዝቡ ራሱ እንዲመረምረው የሚያዝ ማኅበራዊ ኦዲት አስገብታ ነበር። በሁሉም ቦታ ሠምሯል አልልም፤ በሠመረበት ግን ያልተሠራን ሥራ ተሠራ ማለት አስቸጋሪ ሆኗል። እኛም ለዚህ መሠረቱ አለን። አንቀጽ 92 አለ፤ የብሔረሰቡ ምክር ቤት አለ፤ የቀበሌ ጉባኤም አለ። መዝገቡ በአማርኛና በኽምጣኛ ተነብቦ፣ «ባለፈው ዓመት እዚህ ቦታ ይህን ያህል እርከን ሠርታችሁ ነበር፤ ቆሟል?» ቢባል ከእነዚያ ሽማግሌ የተሻለ መስካሪ ከየት ይመጣል?

አውቃለሁ፤ ሰላም ባልጸናበት አገር ስለ እርከን መዝገብ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ቀጣዩ ክረምት ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። ዝናቡ በሰኔ ይመጣል፤ አፈሩ በሐምሌ ይሄዳል፤ ረሀቡ ደግሞ ተራውን ጠብቆ ይመለሳል። ያኔ እንደ ልማዳችን በረሀብ በር ገንዘብ እናስገባለን፤ በዚያም ገንዘብ የታችኛውን እርከን እንደ አዲስ እንሠራለን። የእነዚያ ሽማግሌ ልጆችና የልጅ ልጆች ያንኑ ድንጋይ ለአራተኛ ጊዜ ከመሸከማቸው በፊት፣ የተሸከሙትን ቆጥሮ ተጠያቂ የሚሆን መንግሥት ይገባቸዋል።

ቸር ይግጠመን።